ትንሽ ነው የሚያመኝ

እቴቴ ይታይሽ ሻያቸውን ቆመው ጠጡ። ፋና ሁለት ጊዜ ሶፋውን እያሳየች «ይቀመጡ እንጂ» ብትላቸው ሁለቱንም ጊዜ «ተይኝ ልጄ፣ መኪና ላይ ተቀምጬ አይደል የመጣሁት» አሏት። ከዘንገና እንጅባራ ያለው የሚኒባስ መንገድ ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በእሱ መቀመጥ የሚሰለቸው ሰው ካለ ጉድ ነው። ፋና ግን ነገሩን አላጠበቀችውም። የተከራየችው ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ሳሎኑን ሶፋው፣ የመጻሕፍት መደርደሪያውና ያልታረመ የፈተና ወረቀት ስለሞሉት አንዱ ሲቆም ሌላው በጎኑ ነው የሚያልፈው። አክስቷ የበሩን መቃን ተደግፈው፣ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የምረቃ ፎቶግራፍ አይተውት እንደማያውቁ ሁሉ ያዩታል። ያመጡት ግማሽ ማዳበሪያ ድንች እግራቸው ሥር ተቀምጧል። ስለ ድንች አወሩ። ገበያ ላይ ኪሎው ሠላሳ ብር ገብቷል፣ ለገበሬው ግን ከአሥራ ስምንት አያልፍም፤ ትርፉን የሚበላው መኪና ያለው ነው። ስለ ብርዱም አወሩ። «ምን እግር ጣለዎት ታዲያ በጠዋቱ?» አለች ፋና። «ድንቹን ላደርስልሽ ነዋ። ገበያም ትንሽ ጉዳይ አለችኝ።» «እኔ እስከ ማታ ሥራ አለብኝ፤ ቁልፉን መስኮቱ ሥር አኖርልዎታለሁ።» ምን ጉዳይ፣ ምን ሥራ ብሎ የጠየቀ የለም። በእነሱ ቤት ያልነገሩትን ሰው መጠየቅ ድስት ከፍቶ እንደማየት ነው፤ ቢጠየቅም መልሱ «ደህና ነኝ» ስለሆነ ትርፉ ድካም ነው።

ፋና እንግሊዝኛ ስታስተምር ዘንድሮ ዘጠነኛ ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የመጠን ተውሳከ ግሥ የሚባለው ትምህርት ይደርስና ሰሌዳው ላይ መሰላል ትስላለች። ከታች «ኖት አት ኦል»፤ ዝናብ የሚባል ነገር የለም። አንድ እርከን ከፍ ሲል «ስላይትሊ»፤ ካፊያ ነው፣ ሰው ዣንጥላ ሳይዘረጋ የሚሄድበት። ቀጥሎ «ሞደሬትሊ»፤ ዣንጥላ ያስከፍታል። ጫፉ ላይ «ኤክስትሪምሊ»፤ እሱ የሐምሌ እንጅባራ ነው፣ ዣንጥላውንም ባለቤቱንም አይምርም። እንጅባራ ያደገ ልጅ ዝናብን በየደረጃው ስለሚያውቅ ይህን ትምህርት ማንም አይወድቅበትም። የሚያስቸግሯት ሁሉን ነገር ጫፍ ላይ የሚሰቅሉት ናቸው፤ ሻዩ ኤክስትሪምሊ፣ ወንድሜ ኤክስትሪምሊ፣ ቅዳሜ ኤክስትሪምሊ። «ለካፊያው ይኼን ከሰጣችሁት ለሐምሌው ምን ልትሉት ነው?» እያለች ቀይ እስክሪብቶዋን ታነሣለች። አንድ ቃል ልኩን ካልያዘ ውሸት ነው የሚል እምነት አላት፤ በዚህ እምነቷም ትንሽ ትኮራለች።

የዚያን ዕለት ሥራዋ ግን ትምህርት ቤት አልነበረም። ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞች ማህፀናቸው ወደ ታች ለወረደባቸው ሴቶች ነጻ የቀዶ ሕክምና ዘመቻ ይዘው ከተማው ሆስፒታል ገብተዋል። ቅዳሜ ማጣራት፣ ከእሑድ እስከ ማክሰኞ ቀዶ ሕክምና፤ በጠቅላላው ለአርባ ሴት የሚበቃ ነው። አስተርጓሚ ስላጠራቸው አማርኛም፣ አዊኛም፣ እንግሊዝኛም የምትችል ሴት ሲፈልጉ ስሟ ከትምህርት ቤቱ ተላከ። «የሴቶቹን ጉዳይ ለማንም እንዳታወሪ» ተብላ ስለነበር ለአክስቷም አልተናገረችም። ዘንገና ተወልዳ፣ እናቷ ስትሞት ከእቴቴ ይታይሽ ቤት ገብታ ያደገች ናትና የአገሩ ሴት ምን እንደሚሸከም ታውቃለች፤ ወይም የምታውቅ ይመስላት ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ዶክተር፣ በጎን ፋና፣ ከበሩ አጠገብ ካርድ የሚሰጠው መዝጋቢ ባምላክ። ዶክተሯ ቅጹ ላይ ያለውን ትጠይቃለች፤ የመጨረሻው ጥያቄ «ምን ያህል ያስቸግርዎታል?» የሚል ሆኖ ከሥሩ አራት ሳጥን አለው፤ በየሳጥኑ ላይ እነዚያው የፋና መሰላል ቃላት ተጽፈዋል። ጫፍ ላይ ያለው ምልክት የተደረገላት ሴት ቀይ ካርድ ተቀብላ ወዲያው ሲስተር ሜላት ወዳለችበት የምርመራ ክፍል ትገባለች። መካከለኛው ቢጫ ነው፤ ቦታ ከተረፈ ትጠራለች። «ስላይትሊ» አረንጓዴ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ትመለስ ማለት ነው። ፋና ቅጹን ስታይ ደስ አላት። ስትፈራው የነበረው የሕክምና ቃላት ነበር፤ ለካ የሚያስፈልገው የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ነው።

የመጀመሪያዋ ሴት እማማ ይመኙሽ ናቸው፤ ከጥርባ በሌሊት ተነሥተው በእግራቸው የመጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸው የታጠበ። ፋና በአዊኛ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀቻቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።» ማህፀንዎ ይወርዳል ወይ? ወለሉን እያዩ «አንዳንዴ ብቅ ይላል» አሉ። ከመቼ ጀምሮ? «ከትንሹ ልጄ ወዲህ።» ትንሹ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? «አገባ» አሉ። ዶክተሯ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀች፣ ፋና አስተላለፈች። እማማ ይመኙሽ መጀመሪያ ባሕር ተሻግራ የመጣችውን ሴት አዩ፣ ቀጥሎ ንጹሑን ጠረጴዛ፣ ቀጥሎ ፋናን። «ትንሽ» አሉ፤ ጣታቸውን ከጣታቸው አስጠግተውም አሳዩ። «ስላይትሊ» አለች ፋና። ሳጥኑ ላይ ምልክት ተደረገ፣ ባምላክ አረንጓዴ ካርድ ሰጣቸው። ካርዱን ግንባራቸው ላይ አድርገው «ለምለም ነው፣ ደግ ነገር ነው፤ እጅሽ ይባረክ የኔ ልጅ» ብለው ወጡ። የሚቀጥለው ዓመት የሚለውን ባምላክ ሲነግራቸውም «እድሜ ይስጠን» ነው ያሉት።

ሁለተኛዋም «ትንሽ» አሉ። ሦስተኛዋ ወጣት ናት፣ ሕፃኗን አቅፋ ገብታ እሷም «ትንሽ፣ ሥራ ሲበዛብኝ ብቻ» አለች። አራተኛዋ «ችዬዋለሁ፣ ያን ያህል አይደለም»። እንዲህ እንዲህ እያለ ረፋዱ አለፈ። አልፎ አልፎ አንዷ ራሷን መሸከም አቅቷት በሰው ተደግፋ ስትገባ ቀይ ትወስዳለች፤ ሌላው አረንጓዴ ነው። የፋና ጆሮ «ትንሽ»ን ከሴትዮዋ አፍ ሳይወጣ መቀበል ጀመረ፤ ምላሷም «ስላይትሊ»ን ሳይታዘዝ ይልከዋል። ሥራው ጥርት ያለ ነበር። ያልተባለ አልጨመረችም፣ ከተባለው አልቀነሰችም፤ ዶክተሯም ሁለት ጊዜ አመስግናታለች። ስድስት ሰዓት ላይ ሠላሳ ሦስት ሴት አልፎ ዘጠኙ ቀይ፣ አንዷ ቢጫ፣ ሃያ ሦስቱ አረንጓዴ ሆኑ።

ምሳ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ጫፍ ካለችው መስኮት አጠገብ ቆማ ዳቦ በሻይ ስትበላ፣ ዶክተሯ ከሲስተር ሜላት ጋር የምታወራው ተሰማት። «የዚህ አካባቢ ሴቶች ዕድለኞች ናቸው» ትላለች ዶክተሯ። «በሽታው አለ፣ ግን ቀለል ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ያለውም እንዲህ ከሆነ ማክሰኞ አያስፈልገንም፤ ሰኞ ማታ ጠቅልለን ቀሪውን ቦታ ለሌላ ዞን እንሰጠዋለን።» ሜላት «እንጃ፣ እኔ የማየው ቀዮቹን ብቻ ነው» አለች። ፋና ዳቦውን ማኘክ አቆመች። ዕድለኞች ናቸው የሚለው ቃል ደስ ሊያሰኛት ሲገባ አላሰኛትም። መስኮቱን አሻግራ ስታይ ግቢው ውስጥ አረንጓዴ ካርድ የያዙ አምስት ስድስት ሴቶች አጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። አንዳቸውም አልተቀመጡም። እሷ ግን ሰዓቷን አየችና ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ የተባለውን ማስተላለፍ እንጂ የተባለውን መጠራጠር ሥራዋ አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ሁለተኛ የገባችው ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነበር። ባምላክ «ሠላሳ አምስት፣ ይታይሽ» ብሎ ሲጠራ ፋና ስሙን ሰማች እንጂ አላገናኘችውም፤ ስንት ይታይሽ አለ። ሴትዮዋ ሁለት እርምጃ ገብተው ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተያዩ። እቴቴ ይታይሽ ወደ በሩ ዞሩ፤ ባምላክ «በዚህ ነው እናቴ» ብሎ ወንበሩን ሳበላቸው። ሰው ፊት መሸሽ ከመግባቱ የባሰ ሆነባቸውና ከወንበሩ ጫፍ ላይ፣ በአንድ ጎናቸው፣ ዶሮ ቆጥ ላይ እንደምትሰፍር ያህል አረፍ አሉ። ሁለቱም እንደማይተዋወቁ ሆኑ። ፋና የሚጠየቀውን በአዊኛ ጠየቀች፤ አክስቷ ጠረጴዛውን እያዩ መለሱ። ስንት ወለዱ? ሰባት። ከመቼ ጀምሮ? ስድስት ዓመት ይሆናል። ፋና ስድስቱን ዓመት ወደ ኋላ ስትቆጥር ያኔ ሁለት ሳምንት ከእሳቸው ዘንድ ሰንብታ ምንም እንዳላስተዋለች ትዝ አላት። የመጨረሻው ጥያቄ ደረሰ። «ምን ያህል ያስቸግርዎታል?» «ትንሽ» አሉ እቴቴ ይታይሽ።

የፋና አፍ ተከፈተ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ይህን «ትንሽ» ታውቀዋለች። ባላቸው የተቀበሩ ዕለት ለቀስተኛው ሲያጽናናቸው «ትንሽ ደከመኝ እንጂ ደህና ነኝ» ያሉት ይኼው ሰው ነው። ከፈረስ ወድቀው ክንዳቸው ሲሰበር «ትንሽ ነካ አደረገኝ» ብለው እስከ ማግስቱ ላም ያለቡ ናቸው። በዚህ አገር ሕመምን አሳንሶ መናገር ጨዋነት ነው፤ በሽታን አጋኖ የሚያወራ በሽታውን ይጠራል ይባላል፣ እንግዳ ፊት የሚያማርርም የሰጠውን ፈጣሪ ይከሳል። ትንሽ ማለት ችዬ አድሬያለሁ ማለት ነው። እሷ ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ ሃያ ሦስት ሴቶች ችለው ያደሩትን ካፊያ ነው እያለች ስትልክ ዋለች። አፈረች፤ ከዚያም በላይ ፈራች።

«ምን አሉ?» አለች ዶክተሯ። ፋና እጇን አንሥታ ትንሽ ታገሺኝ አለቻት። «ኤክስትሪምሊ» ብላ ነገሩን መጨረስ ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባታል? ግን አክስቷ ያላሉትን በአክስቷ አፍ ማስገባት ሆነባት፤ ከዚያም ሃያ ሦስቱ በምን ይድናሉ? ቅጹ ላይ የሌለ ጥያቄ ጠየቀች። «እቴቴ፣ ዳማዋን ለምን ሸጧት?» አክስቷ ቀና አሉ። ዳማ በቅዳሜ ገበያ፣ በሠርግ፣ በጥር ማርያም የሚወጡባት፣ ልጆቻቸውን ያህል የሚወዷት ባዝራ ነበረች። የተሸጠች ጊዜ ሣር ተወደደ ብለው ነበር፤ ፋናም አምና ነበር። «ሣር...» ብለው ጀመሩና ተዉት። «ኮርቻው አላስቀምጥ አለኝ» አሉ። «ቤተ ክርስቲያንስ ከቅጽሩ ውጭ፣ ወይራው ሥር ቆመው የሚያስቀድሱት?» ባለፈው ፋሲካ አብራቸው ቆማ «ለምን አንገባም?» ብትላቸው «እዚህ ነፋሱ ደግ ነው» ብለዋት ነበር። አሁን እቴቴ ይታይሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ሲናገሩ ድምፃቸው የሚሰማው ለፋና ብቻ ነበር። «እንዲህ ሆኜ፣ እርጥበቱ ሳይለቀኝ፣ እንዴት ብዬ ደጁን እረግጣለሁ? አራት ፋሲካ ሆነኝ ከቆረብሁ።»

ፋና ወደ ዶክተሯ ዞረች። ክፍል ውስጥ የምትናገረው የተስተካከለ እንግሊዝኛ ጠፍቶባት በተሰበረው ነገረቻት። ይህች ሴት ትንሽ ነው ብላለች፤ ግን ፈረሷን ሸጣለች፣ አራት ዓመት ቤተ ክርስቲያን አልገባችም፣ ዛሬ ጠዋት እቤቴ ሻይ የጠጣችው ቆማ ነው። አክስቴ ናት። ጠዋት የላክኋቸው ሴቶችም እንዲህ ይመስሉኛል፤ ያሉሽን በትክክል ነግሬሻለሁ፣ ግን እዚህ ሰው የሚያመውን በዚያ ቃል አይለካም። ዶክተሯ መነጽሯን አወለቀች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን ሠላሳ ዓመት የሠራችበትን ቅጽ አንዲት አስተርጓሚ ስለ አክስቷ ስትል እንድትቀይርባት አትፈቅድም። «እየገመትሽ ከሆነ ሁሉንም ቀይ ልናደርግ ነው፤ ያን ጊዜ በእውነት የባሰባት ቦታ ታጣለች» አለች። ፋና ይህን ስትሰማ ራሷን የሰማች መሰላት፤ ለካፊያው ይኼን ከሰጣችሁት ለሐምሌው ምን ልትሉት ነው። «እንግዲያው አትመኚኝ» አለች። «ግቢው ውስጥ አረንጓዴ የያዙ ሴቶች ቆመዋል። ሲስተር ሜላት ሦስቱን ትያቸው።»

ሦስት ሴቶች ተጠርተው ገቡ። ፋና ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ አክስቷም ከግድግዳው ተጠግተው ጠበቁ፤ በመካከላቸው ሁለት ክንድ የሚሆን ወለል አለ። እቴቴ ይታይሽ ወደ ግድግዳው እያዩ «ገመናዬን ሰው ፊት አወጣሽው» አሉ።  ፋና ዓይኗን ከምርመራው ክፍል በር ላይ አላነሣችም። ሜላት በሩን ከፍታ ጓንቷን እያወለቀች ወደ ዶክተሯ ክፍል አለፈች፤ ፊቷ ላይ መልሱ ነበረ። የሦስቱም ሕመም የቀዮቹን ያህል ነው። የአንዷማ ቁስሉ አመርቅዟል። ዶክተሯ ቅጹን ገልብጣ ባዶውን ጀርባ አወጣች። «ምን እንጠይቃቸው?» አለች። ፋና ነገረቻት። የት የት መሄድ ተዉ? ምን መሸከም ተዉ? ሲበሉ ይቀመጣሉ ወይ? ከዚያ በኋላ የገቡት ሴቶች «ትንሽ»ን እንደ ልማዳቸው አሉ፤ ቀጥሎ ግን ውኃ መቅዳት ለልጄ ተውኩ፣ ማኅበር ከሄድኩ ሁለት ዓመቴ፣ ከባሌ ጋር መደብ ለየሁ እያሉ፣ እንደ ተራ ወሬ፣ አንድ በአንድ አወጡት። መጠኑን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ዶክተሯ ራሷ ትለካው ጀመር። የእቴቴ ይታይሽ ካርድ ቀይ ሆነ፤ ቀጠሯቸው ለሰኞ ጠዋት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወረፋው አለቀና ፋና ከባምላክ ጋር አረንጓዴዎቹን ፍለጋ ወጣች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እሰማ ነበር» አለ ባምላክ ባጃጁ ውስጥ፣ ዝርዝሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፤ «እነዚህ ግን አልደበቁም እኮ፤ ሐኪም ቤት ድረስ መጥተዋል፤ እዚህ ሲደርሱ ነው የሸኘናቸው።» ሸኘናቸው ማለቱ ደግነት ነው፤ የላከቻቸው እሷ ናት። ባምላክ ካርድ ሲሰጥ ፊታቸውን ስላስተዋለ መናኸሪያው ላይ ወደየሚኒባሱ እያጮለቀ ስድስት አገኘ። ድንች ተራ አራት፤ ጨው እንሸምት ብለው የቆዩ። አንዷን ፋርማሲ በር ላይ፣ ሁለቱን የቻግኒ መኪና ሊነሣ ሲል ከወንበራቸው አስነሥተው አወረዱ፤ ረዳቱ ሲጮኽ ባምላክም መልሶ ጮኸበት። ግቢው ውስጥ ከነበሩት ስድስት ጋር ተደምሮ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ለሦስቱ ስልክ ተደወለ፣ እሑድ ጠዋት እንመጣለን አሉ። አንድ ስም ቀረ፤ ስልክ የሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ የተጻፈበት። የጥርባዋ እማማ ይመኙሽ፣ የመጀመሪያዋ። ፋና እጅሽ ይባረክ የተባለችበትን እጇን አየችው። ዶክተሯ እሑድ እስከ ቀትር ካልደረሱ ቦታው ለሌላ እንደሚሆን ተናግራለች፤ ጥርባ ደግሞ ትንሽ መንደር አይደለችም፣ ቤት ለቤት ቢሄዱባት አትዳረስም።

ፋናና አክስቷ ወደ ቤት በአንድ ባጃጅ ተመለሱ፤ አክስቷ ብረቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ከመቀመጫው ከፍ ብለው፣ ፋና በመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ እየተሳቀቀች። ለሾፌሩ ሃያ ብር ከፈሉ። ቤት ሲገቡ መብራት አለ። ፋና ከአልጋዋ ትራስ አምጥታ ሶፋው ላይ አነባበረች፤ እቴቴ ይታይሽ አይተው እንዳላዩ ሆነው እንደ ጠዋቱ የበሩን መቃን ተደገፉ። ፋና ድንች ልትቀቅል ወደ ጓዳ ገባች። በሁለቱ ክፍል መካከል መጋረጃ ብቻ ስላለ ዝምታውም እንደ ንግግር ይሰማል። እስከ መቼ እንዲህ ልንሆን ነው ብላ አሰበች። እናቷን የማታስታውሳት ሴት አክስቷን ብታጣ የሚቀራት ያ የግድግዳው ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ይህን ለአክስቷ ነግራ ታውቃለች? አታውቅም። እሷም ስትጠየቅ «ደህና ነኝ» ነው የምትለው።

ቢላዋውን እንደያዘች በመጋረጃው ብቅ አለች። «እቴቴ፣ የጥርባዋን እማማ ይመኙሽን ያውቋቸዋል?» ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፤ መናገርም አላስፈለገም። እቴቴ ይታይሽ ፊታቸው ተለወጠ። «ይመኙሽ? ቀጭኗ?» «አዎ።» «ማኅበርተኛዬ አይደለች እንዴ። እሷም...» ብለው ቆሙ። የሚያስቡት ነገር ዓይናቸው ላይ ይመላለሳል። «እሷም እኮ ወይራው ሥር ነው የምትቆመው» አሉ ቀስ ብለው። «ልጆቿ ከተማ ገብተው ስለቀሩባት ስእለት ይዛ ነው ብዬ...። አራት ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል።» ፋና «ነገ እስከ ቀትር መድረስ አለባቸው፤ ስልክ የላቸውም» አለች።  ወደ ጓዳዋ ተመለሰች፤ አንድ ድንች ላጠች፣ ሁለተኛውን ጀመረች።

ከመጋረጃው ወዲያ የስልክ ቁልፍ ድምፅ ተሰማ። እቴቴ ይታይሽ ስልክ ሲያወሩ ዘንገና ሆነው ጥርባ የሚጣሩ ይመስላሉ። «ሽባባው? ይታይሽ ነኝ። ይመኙሽ ጎረቤትህ አይደለች? ገብታለች? እስቲ ስልኩን ውሰድላት። አዎ አሁን። ስትሰጣትም ራቅ በል፣ የሴት ወሬ ነው።» ስልኩ እስኪደርስላት ጠበቁ፤ ውሻ ሲጮኽ በስልኩ ውስጥ ተሰማ። ከዚያ ሰላምታው ጀመረ፤ እንዴት ዋልሽ፣ ከብቶቹ፣ ልጆቹ፣ ብርዱ፣ ሁሉ ደህና፣ ተመስገን። ፋና ቢላዋውን ይዛ ሁሉም ተመስገን እስኪያልቅ ጠበቀች። «ይመኙሽ» አሉ አክስቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ ሐኪም ቤት መጥተሽ ነበር አሉ። ማን ቢነግረኝ ምን አለሽ። እኔም ነበርኩ።» ወዲያኛው ድምፅ ምን እንዳለ አይሰማም። «ትንሽ ነው አልሻት? እኔም ትንሽ ነው አልኳት። ስድስት ዓመት ሙሉ ትንሽ ነው ስል ኖርሁ። አንቺ ወይራው ሥር ነፋስ ልትቀበይ ነው እንዴ የምትቆሚው? እኔም ነፋስ አይደለም።» እቴቴ ይታይሽ ትንፋሽ ወሰዱ። «ትሰሚያለሽ? በጣም ነው የሚያመኝ። በጣም። ሌሊት መገላበጥ ያቅተኛል፣ ቁጭ ማለት ናፈቀኝ፣ ሰው እንዳይሸተው ብዬ ከሰው ራቅሁ። ይኼን ለሰው ስናገር አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።»

ፋና ድንቹን ውኃው ውስጥ ጣለችና በእርጥብ እጇ አፏን ያዘች። በስልኩ ውስጥ የሩቅ ሴት ድምፅ ጀመረ፤ መጀመሪያ በአጭር በአጭሩ፣ ቆይቶ ሳይቋረጥ ረዘም ላለ ጊዜ። እቴቴ ይታይሽ «እህ» ይላሉ፣ «አይዞሽ» ይላሉ፣ «እኔም» ይላሉ። ያን ሁሉ ሲያዳምጡ መቃኑን ለቀቁ፤ የሶፋው እንጨት ቀስ ብሎ ሲንቋቋ ፋና ሰማችው። ትራሱ ላይ ነው፣ በአንድ ጎናቸው ነው፣ ግን ተቀምጠዋል።

«እንዲያ ብለሽ ንገሪያት እንግዲህ ነገ» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ለእኔ እንዳልሽው፣ ሳታሳንሺ። አይ፣ ለፈረንጇ አይደለም፣ በአዊኛ ነው የምትናገሪው። እሱን አትፍሪ፤ ቃልሽን የምታደርሰው የእኔ ልጅ ናት።»